የማዳም ሰርቭ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ባሕር ዳር የተማርን ሰዎች የህንድ መምህራኖቻችንን ሳናነሳ ስለ ግቢ ሕይወት አውርተን አንጨርስም። ዩኒቨርሲቲዎች በላይ በላዩ የሚስፋፉበት፣ መምህር ግን እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነበርና ሂሳቡንም፣ ኬሚስትሪውንም፣ ኮምፒውተሩንም በብዛት የሚያስተምሩን እነሱ ነበሩ። እንግሊዝኛቸውን ጆሯችን እስኪለምደው አንድ ሴሚስተር ያልፋል። ከለመድነው በኋላ ደግሞ ዶርም ውስጥ የምንቀላለደው በእነሱ አነጋገር ሆነ።

ከመምህራኑ መኖሪያ ጀርባ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ መረብ የተወጠረባት አንዲት የአፈር ሜዳ ነበረች። መስመሯ በኖራ የተሰመረ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጠፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ይሰመራል። ወደ ማታ ላይ የሂሳብ መምህራችንና ባለቤታቸው እዚያ ወጥተው ባድሜንተን ይጫወታሉ። እሳቸውን «ሰር» እንላቸው ነበር። ሚስታቸውን በእኛ ፊት «ማዳም» እያሉ ስለሚጠሯቸው ለእኛም ማዳም ሆነው ቀሩ። ማዳም የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ መነጽር የማይለያቸው፣ ረጅም የህንድ ቀሚስ ከነሱሪው ለብሰው በነጭ ሸራ ጫማ ሜዳ የሚወጡ ሴት ነበሩ።

እኔና የዶርም ጓደኛዬ ወደ ላይብረሪ ስንሄድ በዚያ እናልፋለን። ጓደኛዬ ዘለግ ያለ፣ ለዲፓርትመንቱ ቮሊቦል የሚጫወት ልጅ ነው። ቮሊቦል ላይ ሰርቭ ማለት ጉልበት ነው፤ ኳሷን ወደ ላይ ወርውረህ፣ ዘለህ፣ ከራስህ በላይ ትጠልዛታለህ። ማዳም ግን ሸትሏን፣ የባድሜንተኗን ኳስ፣ በሁለት ጣት ይዘው ሆዳቸው አካባቢ ወደ ራኬቱ ያስጠጓትና ገፋ ያደርጓታል። በቃ። ሲኒ ረከቦት ላይ የሚያስቀምጡ ነበር የሚመስሉት። ጓደኛዬ «ሰርቭ ተብሎ ሞቷል!» ብሎ ሳቀ። ሰር አማርኛው ባይገባቸውም ሳቁ ገባቸውና ራኬታቸውን ዘረጉለት።

ልጁ እንደለመደው ሸትሏን ወደ ላይ ወርውሮ በሙሉ ክንዱ አጮላት። መሬት ሳትደርስ ሰር «ፎልት» አሉ። ዝቅ አድርጎ ሞከረ፤ እግሩ መስመር ረግጦ ነበርና «ፎልት»። ከመስመሩ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሊመታ ሲል ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ «ፎልት»። ራኬቱን መላክ ጀምሮ መሃል ላይ ገታ አደረገና ጨረሰው፤ «ፎልት»። በመጨረሻ ጭራሽ ሳታት። «እሱም ፎልት ነው» አሉት።

«ሰር፣ ታዲያ ምኑ ነው የሚፈቀደው?»

«በጣም ትንሽ ነገር» አሉ ሰር፣ ደስ እያላቸው።

ያንን ትንሽ ነገር በዚያው ምሽት አስረዱን። ሰርቭ የሚያደርገውና የሚቀበለው በሰያፍ ትይዩ በሆኑት የሰርቭ ክልሎች ውስጥ መስመር ሳይነኩ ይቆማሉ። ሸትሏ እስክትመታ ድረስ የሁለቱም እግሮች ከመሬት አይነሱም፣ አይንሸራተቱም። ራኬቱ አንዴ ወደ ፊት ጉዞ ከጀመረ መቆም የለም። የራኬቱ ዘንግ ወደ ታች ማዘቅዘቅ አለበት። መጀመሪያ የሚመታው የሸትሏ ራስ የሆነው ቡሹ እንጂ ላባው አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ በምትመታበት ቅጽበት ሸትሏ በሙሉ ከመቺው ወገብ በታች መሆን አለባት።

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ከወገቡ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ሕግ ወገብ ማለት ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ሳይሆን የመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ታችኛው ጫፍ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ሰር የጓደኛዬን የጎድን አጥንት በሸሚዙ ላይ በጣታቸው ፈልገው ሊያሳዩኝ ሲሞክሩ ልጁ ኮርኩሮት ዘሎ ከሜዳ ወጣ። በትልልቅ ውድድሮች ሰርቭን ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ ዳኛ አለ፤ ከመረቡ ምሰሶ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የእኛ የሰርቭ ዳኛ የግቢው ዘበኛ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነው ጨዋታውን የሚያዩት። ሕጉን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ ከሁላችን ቀድመው የሚጮኹት ግን እሳቸው ነበሩ።

«አንተ ልጅ! ከጎድንህ አለፈች!»

«ኧረ ጋሼ፣ ከታች ናት!»

«ዓይን አለኝ፣ ልጄ። አለፈች ብያለሁ አለፈች!»

ይግባኝ የለም። ሰርም ቢሆኑ ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ሸትሏን ለተቃራኒው ወገን ይወረውሩ ነበር።

ሰር የሂሳብ ሰው ናቸውና ምክንያቱን በእንጨት አፈር ላይ ስለው አሳዩን። መረቡ መሃል ላይ 1 ሜትር ከ52 ነው። ሸትሏ ከጎድን በታች ከተመታች መረቡን ለመሻገር የግድ ወደ ላይ መውጣት አለባት። ወደ ላይ የወጣችን ሸትል ደግሞ ተቀባዩ ወደ ታች ሊመታት ይችላል። ስለዚህ ሕጉ ጨዋታ ጀማሪውን ሆን ብሎ አቅም ያሳጣዋል። በቴኒስ ሰርቭ መሣሪያ ነው፤ በቮሊቦልም እንደዚያው። በባድሜንተን ሰርቭ የሚያደርግ ሰው ሊያጠቃ አይችልም፤ የሚችለው ላለመጠቃት መላ መፈለግ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስፖርት አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ነገር ግን አላየሁም፤ ይህን ጨዋታ ወድጄ የቀረሁትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የነጥብ አቆጣጠሩ ያን ጊዜ አሮጌው ነበር። ጨዋታው በ15 ነጥብ ያልቃል፣ ለሴቶች ነጠላ ደግሞ በ11። ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ወገን ብቻ ነው። ተቀባዩ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ሰርቭን ራሱን ነው፣ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ሁለት ለሁለት ሲሆን ደግሞ አንዱ ጓድ ሰርቩን ቢያጣ ሁለተኛው ይቀጥላል፤ ሁለቱም ካጡ ብቻ ነው የሚሻገረው። ሰር «ሁለተኛ እጅ!» ብለው ሲጮኹ ድምፃቸው ዶርም ድረስ ይሰማ ነበር። በዚህ ሕግ ሰባት ለሰባት የሆነ ጨዋታ ሰባት ለሰባት እንደሆነ ሊመሽ ይችላል። ሰርቭ ያላቸው ማጥቃት አይችሉም፣ ማጥቃት የሚችሉት ነጥብ አያገኙም፤ የራት ሰዓት ይደርስና የካፌ ሰልፍ ያመልጠናል።

አንድ ለአንድ ሲሆን ሰርቭ የሚያደርገው የት እንደሚቆም ማወቅ ቀላል ነው። የአድራጊው ነጥብ ዜሮ ወይም ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ከቀኝ፣ ጎዶሎ ከሆነ ከግራ። ጋሼ በጣታቸው እየቆጠሩ «ጎዶሎ ናት፣ ወደ ግራ እለፍ!» ይሉን ነበር።

አሁን ወደ ማዳም ልመለስ። በጉልበት ሰር ይበልጧቸዋል፣ በሩጫም ይበልጧቸዋል፤ ማዳም ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፉ ነበር፤ የሚያሸንፉትም በሰርቭ ነው። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ራኬቱን እጀታው ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ ዘንጉ ጠጋ አድርገው ይይዙታል። አውራ ጣታቸው በእጀታው ጠፍጣፋ ጎን ላይ ተጋድሟል። ክርናቸው ከሰውነታቸው ፈቀቅ ብሎ ከፍ ይላል፣ የራኬቱ ራስ ወደ መሬት ያያል። በግራ እጃቸው ሸትሏን የሚይዟት በላባዋ ጫፍ ብቻ ነው፤ ቡሹ ወደ ራኬቱ ክር ዞሯል። ከዚያ ዝም ይላሉ። ሕጉ ያለ አግባብ ማዘግየትን ይከለክላል፣ እሳቸውም አያዘገዩም፤ ግን ያቺ አንድ ትንፋሽ የምትሆን ዝምታ ለተቀባዩ ትረዝምበታለች። ሚዛኑን ወደ ፊት ሲጥል ያዩታል።

ሲገፏት ሸትሏ የመጨረሻ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው በእሳቸው በኩል እያለች ነው፤ መረቡን ስትሻገር መውረድ ጀምራለች። ይህቺ ነገር ናት ዋናዋ። መረቡ ላይ እየወጣች የምትሻገር ሸትል ማዶ ስትደርስ ተቀባዩ ትከሻ ላይ ናት፤ እየወረደች የተሻገረችውን ግን ከመረቡ በታች ነው የሚያገኛት፣ ስለዚህ እሱም በተራው ወደ ላይ ለማንሳት ይገደዳል። የምታርፈው ከመረቡ 1 ሜትር ከ98 ላይ ባለው የአጭር ሰርቭ መስመር ላይ ወይም አንድ ጣት አልፋ ነው። ከመስመሩ ካጠረች ጥፋት ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚልኳት ወደ መካከለኛው መስመር ማዕዘን ነበር። ወደ ዳር ከላክህ ለተቀባዩ ሰፊ ማዕዘን ትከፍትለታለህ፣ ወደ መሃል ከላክህ ግን መመለሻ መንገዱ ይጠብበታል ይሉ ነበር።

ጓደኛዬ ይህን ካወቀ በኋላ አጭሩን መስመር ሊረግጥ ትንሽ እስኪቀረው ተጠግቶ፣ ራኬቱን ከፍ አድርጎ መጠበቅ ጀመረ፤ ሸትሏ ብቅ ስትል ሊደፍቃት። ማዳም ያው አቋቋም፣ ያው ክርን፣ ያው ዝምታ፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት አንጓቸውን ብቻ ጠቅ ያደርጋሉ። ሸትሏ ከጭንቅላቱ በላይ አልፋ ከኋላው ትወርዳለች። ዞሮ ሲሮጥ ጋሼ «የት ትሄዳለህ? ላይብረሪ?» ይሉታል። ሁለት ለሁለት ሲሆን ይህቺ ሰርቭ ልክ ትፈልጋለች። ሜዳው ወደ ጎን ይሰፋል፣ የሰርቩ ክልል ግን ከኋላ በ76 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ አንድ ክንድ ካለፈች ወጥታለች። አንድ ለአንድ ሲሆን ግን ክልሉ ቀጠን ብሎ እስከ ኋላ መስመር ይረዝማል። ያኔ ሰር ከታች ወደ ሰማይ የሚልኳት ረጅም ሰርቭ ነበረቻቸው፤ ተቀባዩን ሜዳው ጥግ ድረስ ትገፋዋለች። ከጣና በኩል ነፋስ ሲነሳ ግን ያቺ ሸትል የት እንደምታርፍ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

ላባ ሸትል የምትወጣው ለበዓል ነበር። በአዘቦት ቀን በፕላስቲኳ እንጫወታለን። ሰር ከአገራቸው ያመጧት ረጅም ቱቦ አለች፤ በህንዶች በዓል በዲዋሊ ዕለት ትከፈታለች። አሥራ ስድስት ላባ፣ ክብደቷ አምስት ግራም ገደማ። ማዳም ከጨዋታው በፊት ቱቦውን የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ያዝ አድርገው እንፋሎት ያጠጡታል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ላባው ቶሎ ይሰበራልና። ሌላም ችግር ነበር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለቆላ አገር የተሠራች ሸትል እዚህ ትበራለች፣ ትክክለኛዋ ረጅም ሰርቭ ሳትቀር ከመስመር ትወጣለች። ለደጋ አገር ዝቅተኛ የፍጥነት ቁጥር የተጻፈበት ሸትል ነው የሚመረጠው፤ ያን ማን ያመጣል? ማዳም የላባዎቹን ጫፍ አንድ በአንድ ወደ ውጭ እጥፍ እያደረጉ ያዘገይዋት ነበር። በውድድር ይህ አይፈቀድም። በዲዋሊ ይፈቀዳል።

እረፍት ላይ ሰር ወሬ ያመጣሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ከጋዜጣ የተቆረጠ የፕራካሽ ፓዱኮኔ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ፓዱኮኔ እ.ኤ.አ. በ1980 የኦል ኢንግላንድን የባድሜንተን ውድድር ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ህንዳዊ ነው። ማዳም ደግሞ የፑና ልጅ ነኝ ብለው ይኮራሉ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ መኮንኖች ጨዋታውን የተጫወቱባትና ደንብ ያወጡባት ከተማ ናት። ጨዋታው ስሙን ያገኘው እንግሊዝ አገር ካለው ባድሜንተን ከሚባለው የቦፎርት መስፍን ቤት መሆኑን ሲሰሙ ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «ጨዋታው የህንድ፣ ስሙ የእንግሊዝ! ይሄማ የለመድነው ነው» አሉ።

ከወሬዎቹ ሁሉ የምወደው የሲዴክ ወንድማማቾችን ነበር። ራዚፍና ጃላኒ ሲዴክ የሚባሉ ማሌዥያውያን እ.ኤ.አ. በ1982 ኦል ኢንግላንድን በጥንድ አሸንፈዋል። ሰርቫቸው ጉድ ነበር። ራኬቱን ከቡሹ ይልቅ ላባው ላይ አሳርፈው ሸትሏን በአየር ላይ ያንከራትቷታል፤ ተቀባዩ በየት በኩል እንደምትመጣ አያውቅም። የዓለሙ ፌዴሬሽን በዚያው በ1982 ከለከለው። ለጓደኛዬ «መጀመሪያ ቡሹን» ተብሎ የተነገረው ሕግ የመጣው በእነሱ ምክንያት ነው። ሰር ይህን ሲነግሩን ሁለታችንም ወዲያው ላባውን ለመምታት ሞከርን፣ ፕላስቲኳ ግን እንቢ አለች።

እ.ኤ.አ. በ2006 የነጥቡ ሕግ ተለወጠ። ሰር ከወንድማቸው በኢሜይል ሰምተው አትመውት መጡ። ጨዋታው እስከ 21፣ ማንም ሰርቭ ያድርግ ማን ያሸነፈው ነጥብ ያገኛል፣ «ሁለተኛ እጅ» የሚባል ነገርም ቀረ። ሰር ወረቀቱን እያነበቡ ፊታቸው ተከፋ። ማዳም ግን ገና ሳይጨርሱ «ከዛሬ እንጀምር» አሉ። ለምን እንደቸኮሉ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአሮጌው ሕግ ሰርቭ ቢበላሽብህ የምታጣው ሰርቩን ብቻ ስለነበር አንዳንዴ መድፈር ይቻላል። በአዲሱ ግን የተበላሸች ሰርቭ ሁሉ ለተቃራኒው ነጥብ ናት። ያን ጊዜ ዋጋ የሚኖራት እንደ ማዳም ያለች የማትሳሳት አጭር ሰርቭ ናት። በትልልቁም መድረክ እንዲሁ ሆነ፤ አንድ ለአንድ በሚጫወቱ ወንዶች ዘንድ ያቺ ከፍ ያለች ረጅም ሰርቭ እየቀነሰች፣ በእጅ ጀርባ የምትገፋዋ አጭር እየበዛች መጣች። ሰር እሑድ እሑድ በአሮጌው ሕግ እንዲጫወቱ ተደራደሩ። ማዳም በዚያም አሸነፏቸው።

ነሐሴ 11 ቀን 2000 ዓ.ም. አገር ሁሉ ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ 10,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ አየ። እኔ ተመርቄ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። በዚያው ቀን በባድሜንተን ቻይናዊው ሊን ዳን ማሌዥያዊውን ሊ ቾንግ ዌይን 21 ለ12 እና 21 ለ8 አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። ስለሱ የሚያወራኝ ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም። ሰርና ማዳም ኮንትራታቸው አልቆ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ሕጉ ራሱ ያላሰበው ሰርቭ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሎንዶን ኦሊምፒክ፣ ዌምብሌይ አሬና ውስጥ፣ በሴቶች ጥንድ ጨዋታ ተጫዋቾች ሆን ብለው ሰርቫቸውን መረብ ውስጥ ሲከቱ ታዩ። በሚቀጥለው ዙር የሚሻላቸውን ተጋጣሚ ለማግኘት መሸነፍ ፈልገው ነው። ተመልካቹ ጮኸባቸው። አንድ የቻይና፣ ሁለት የደቡብ ኮሪያ፣ አንድ የኢንዶኔዥያ ጥንድ፣ በጠቅላላው ስምንት ሴቶች ተባረሩ። አጭር ሰርቭ መረብ ሳይነካ ለማሳለፍ ስንት ምሽት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው ያ ትዕይንት አሳፋሪ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በልጆቹ ላይ አልጥልም፤ መሸነፍ የሚያዋጣበትን ምድብ ያወጣው አዘጋጁ ነው። ከተባረሩት አንዷ፣ ኢንዶኔዥያዊቷ ግሬሲያ ፖሊ፣ በቶኪዮው ኦሊምፒክ ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ወርቅ አግኝታለች።

የጎድን አጥንቱ ሕግም እ.ኤ.አ. በ2018 ለትልልቆቹ ውድድሮች ቀረ። አሁን ሸትሏ በምትመታበት ጊዜ በሙሉ ከመሬት ከ1 ሜትር ከ15 በታች መሆን አለባት፣ መቺው ረጅምም ይሁን አጭር። 1 ሜትር ከ94 የሚረዝመው ዴንማርካዊ ቪክቶር አክሰልሰን ሕጉን ተቃውሞ ነበር፤ ረጅሞቹ ጎንበስ ብለው መምታት ግድ ሆነባቸው። እኔ ሕጉን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ማዳምን ነው። ለእሳቸው ቁመት 1 ሜትር ከ15 ከጎድናቸው በላይ ነው፤ ሕጉ ከፍ ብለው እንዲመቱ ፈቅዶላቸዋል። ፍትሐዊ ነው ወይ ቢባል አይመስለኝም። ግን ጭቅጭቁን አስቀርቷል፤ ጋሼም ዛሬ በዓይናቸው ሳይሆን በተሰመረ መስመር ይፈርዱ ነበር።

ወጣቶች ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ሌላ መላ አመጡ፤ ሸትሏን ሲለቋት በጣታቸው እያሾሩ። ከተቀባዩ አቅም በላይ ስለሆነች እሷም በዚያው ዓመት ታገደች። አንዳንድ ተንታኝ ፈጠራ ተገደለ ብሎ አዘነ። እኔ ከከለከሉት ጋር ነኝ። ሰርቭ መሣሪያ ከሆነ ሸትሏ ሁለቴ ሳትመላለስ ነጥቡ ያልቃል፤ እንደዚያ ያለውን ጨዋታ ከፈለግን ቴኒስ አለልን።

ለልጆቻችሁ ራኬት ከገዛችሁ፣ ወይም የስፖርት መምህር ከሆናችሁ፣ ልጆቹ ስማሽ፣ ማለትም ወደ ታች መደፈቅ፣ ከመልመዳቸው በፊት ሰርቭ አስለምዷቸው። ሁለት ቋሚ ላይ በ1 ሜትር ከ55 ገመድ ወጥሩ፣ ከገመዱ 1 ሜትር ከ98 ርቀት ላይ መስመር አስምሩ፣ አንድ እንጨት ላይ ደግሞ 1 ሜትር ከ15 ለክታችሁ ምልክት አድርጋችሁ አጠገባቸው አቁሙት። ለመጀመሪያው የፕላስቲኳ ሸትል ትበቃለች። አዳራሽ ካላገኛችሁም ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት አውጧቸው።